የሃምሳ አለቃው ደቦ

ሃምሳ አለቃ አካለ ወልድ ወታደር የሆኑት ለዘመድ ሰርግ ሞጣ ሄደው ነው። በሰርጉ ማግስት ምልምሎች ሲሰለፉ አዩ፤ ሰልፉ ደስ አላቸውና ጫፉ ላይ ቆሙ። ሙሽራዋ ሳትሸኝ እሳቸው ተሸኙ። በፈቃድ መጥተው እትዬ ፋንታነሽን አገቡ፤ ቢቸና ዳር ባለው መሬታቸው ላይ አስቀምጠዋቸው ተመለሱ። ጠቅልለው ቤታቸው የገቡት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጡረታ ነው።

ተዋግተዋል፣ ቆስለዋልም፤ ይህን ግን አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ሰልፍ ነው፤ ብዙውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ምልምል ሲያሠለጥኑ ነበርና። ቁመታቸው አጭር ነው። ሰው በቁመት ማሰለፍ የሚወዱት አሰላፊ ከሰልፉ ውጭ ስለሚቆም ነው እያልን እናማቸዋለን።

ጡረታ ሲወጡ ፊሽካቸውም አብራቸው ወጣች። በሬዎቹ በፊሽካ ወጥተው በፊሽካ መግባት ለመዱ፤ ዶሮዎቹ ግን እምቢ አሉ። እትዬ ፋንታነሽም "ቤቱን እስኪለምድ ነው" እያሉ ታገሡ።

ባለፈው ኅዳር ጤፋቸው ደረሰ፤ ሰማዩም ያለ ወጉ ጠቆረ። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ይረግፋል፤ የዓመት እንጀራቸው ነው። እትዬ ፋንታነሽ ጠላ ጠምቀው ደቦ ጠሩ፤ እኛም ማጭዳችንን ይዘን ሄድን። ሃምሳ አለቃ የተተኮሰ ካኪ ሸሚዛቸውን ለብሰው ማሳው ጫፍ ላይ ቆመው ነበር። ፊሽካዋ ጮኸች።

"በቁመት ተሰለፍ!"

እየተሳሳቅን ተሰለፍን። የሰፈሩ አውራ አጫጅና ዘፋኝ አያ ወልደ ኪዳን ብቻ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

"የኔን ቦታ ማጭዴ ታውቀዋለች፣ ሃምሳ አለቃ። ይልቅ ጠላዋን ወዲህ በሉልን።"

"ጠላ ግማሹ ማሳ ሲያልቅ! ዘፈንም የለም፤ ትንፋሽ ይጨርሳል!"

በእኛ አገር በደቦ ቀን ጠላ ከጧት ጀምሮ ይዞራል፤ ማጭድም ያለ ዘፈን አይሄድም። ጠላው ዋጋ አይደለም፤ "እንኳን መጣችሁልኝ" ማለት ነው። ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ሃምሳ አለቃ ግን ከደቦ ርቀው ኖረዋል። ማንም አልተቆጣቸውም። እኛ ሲከፋን አንጮህም፤ ጉዳይ ትዝ ይለናል። የአንዱ ላም ልትወልድ ሆነ፣ ሌላው ለቅሶ መድረስ ነበረበት፣ እኔንም ወገቤን ያዘኝ። ረፋዱ ላይ ማሳው ውስጥ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

እትዬ ፋንታነሽ የጠላውን ማድጋ ከድነው ባላቸው ፊት ቆሙ። የተናገሩትን ከአጥሩ ማዶ ሰምቼዋለሁ፤ ወገቤ ያን ያህል አላራቀኝም።

"እነሱ ያንተ ምልምሎች አይደሉም! አንተ በሌለህበት በየዓመቱ ይህን ጤፍ አጭደው ከምረው ሰጥተውኛል። ልጃችን የሞተ ጊዜ አስከሬኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ አንተ በስልክ ነው የሰማኸው። ስንት ዘመን ያቆየሁትን ሰው በአንድ ጧት በተንክብኝ!"

ሃምሳ አለቃ ፊሽካዋን ከአንገታቸው አውጥተው በሚስታቸው እጅ ላይ አስቀመጡ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ የአያ ወልደ ኪዳን ጤፍ ይታጨድ ነበር። ሃምሳ አለቃ ማንም ሳይጠራቸው ማጭድ ይዘው መጡ፤ ከመጨረሻው ሰው ጎን ሆነው አጎነበሱ። አስተጫጨዳቸው ጉድ ነው፤ ግማሹን ያጭዳሉ፣ ግማሹን ይነቅላሉ። አያ ወልደ ኪዳንም እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም፦

"ድንበር ጠባቂማ ሞልቷል በያገሩ፣
ጎንበስ ብሎ አጫጅ ጠፋ ከሰፈሩ።"

እኛም ሆ ብለን ተቀበልን። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ ግን ቀና አላሉም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል። ጠላ ሲቀርብላቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ጠጡ፤ ስለ ራሳቸው ማሳ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያን ቀን ወደድኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጧት ደመናው ቢቸና ላይ ተደፍቷል። ባልና ሚስት የሆነላቸውን ያህል ሊያጭዱ ብቻቸውን ወጡ። እኛ ግን ቀድመናቸው ማሳው ጫፍ ላይ ቆመናል፤ ማንም ሳያዘን በቁመት ተሰልፈናል፤ አያ ወልደ ኪዳን እንኳ አልቀረም። ከሁላችንም አጭር ከሆነው ሰው ቀጥሎ መሬት ላይ አንድ ማጭድ አስቀምጠን ቦታ ይዘናል።

ሃምሳ አለቃ ማጭዷን አይተው ቀጥ አሉ። እትዬ ፋንታነሽ ፊሽካዋን ከጉያቸው አውጥተው በኃይል ነፉ።

"ምን ትጠብቃለህ? ቦታህን ያዝ እንጂ!"

ሃምሳ አለቃ እየሮጡ ሄደው ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሙ። ጠላውም ዞረ።