ብርድ ልብስ የለበሰው ስፒከር

ዳርላ ስሌተን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጆች ስታመላልስ የኖረች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ሙዚቃ ነፍሷ ነው። የምትሰማው ግን በአውቶቡሱ ሬዲዮ፣ ያውም ከኋላዋ ሕፃናት እየተንጫጩ ነበር። የመጨረሻ ልጇ ከቤት ሲወጣላት ለራሷ አንድ ነገር ልትገዛ ቆረጠች፤ ደህና አምፕሊፋየር ከጥንድ ስፒከር ጋር። የምትኖርባት የአሜሪካዋ ዱሉዝ በረዷማ ክረምት ረጅም ነው። ቤቱ ተቀምጦ የሚሰማው ነገር ያጣ ሰው ከግድግዳ ጋር ማውራት ይጀምራል።

አማካሪዋ የአውቶቡስ ጋራዡ መካኒክ ዌስ ነበር። ዌስ ሳይሳደብ መምከር አይሆንለትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር አይተሽ እንዳትጃጃይ» አላት። «ገንዘብሽን ስፒከሩ ላይ አውዪው። አምፕሊፋየሩን አሮጌም ቢሆን ደህና እኔ እፈልግልሻለሁ። ሱቅ ሄደሽ ይሄን ያህል ዋት ምናምን ቢሉሽ ጆሮ እንዳትሰጪያቸው። ሳሎንሽ የዶሮ ቤት ነው የሚያክለው፤ ስታዲየም ልታደምቂበት ነው?»

«ታዲያ ጥሩውን በምን ልለየው?»

«ዘፈን አሰሙኝ በያቸው። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ከተሰማሽ ግዢ። ካልተሰማሽ ውልቅ ብለሽ ውጪ።»

አምፕሊፋየሩን እውነትም አገኘላት፤ አሮጌ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ፣ ግን ጤነኛ። ስፒከሩ ነው መከራ ያሳያት። ደህናው ከአቅሟ በላይ ነው፤ በአቅሟ ያለው ደግሞ ዘፋኙን ቆርቆሮ ውስጥ የከተተው ይመስላል። እንዲህ ስትንከራተት ሬይኖ ላምፒ የሚባል ሰው ሞቶ የቤት ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ ሊሸጥ መሆኑን ሰማች።

የእንዲህ ያለ ሽያጭ ደንቡ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ዋጋ፣ በማግስቱ በግማሽ። ተንኮሉም የታወቀ ነው። ዓይንህ ያረፈበትን ዕቃ የመጀመሪያው ቀን ማንም የማያየው ቦታ ትሸጉጠዋለህ፤ በማግስቱ መጥተህ በግማሽ ዋጋ ታወጣዋለህ። ማንኪያውን ድስት ውስጥ፣ መብራቱን አልጋ ሥር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰዎች ያደርጉታል፤ ምሳ ላይ እየተሳሳቁ ያወሩታል። ኃጢአት ነው ብሎ የሚናዘዘው የለም።

ለሽያጩ የሚቀጠሩት ሻጮች የቤቱ ባለቤቶች በሽያጩ ቀን ዞር እንዲሉ ይመክራሉ። የሬይኖ ሚስት አይሊ ግን እንቢ ብለው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ። ስፒከሮቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ ትንንሽ፣ ባለ እንጨት።

«ስሚው እንጂ ልጄ፣ ሳይሰሙ ይገዛል እንዴ?» ብለው ሸክላ አጫወቱላት።

ዘፋኟ ገና ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ተሰማ። ዳርላ ዕንባዋ መጣ።

«ሬይኖ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን የሚጠርገው እሱ ነበር» አሉ አይሊ። «አሁን እኔ ነኝ።»

«ይዘዋቸው አይሄዱም እማማ?»

«የምገባበት የአረጋውያን ቤት ግድግዳው ስስ ነው። ግን የራሴ ክፍል፣ የራሴ ምድጃ፣ የራሴ ቁልፍ አለኝ። ልጄ ካሪን ትረሻለሽ እያለች እዚያው ያለው፣ ለሚዘነጉ ሰዎች በሩ ተቆልፎ የሚውለው ፎቅ ልታስገባኝ ትፈልጋለች። ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ረስቼ ነበር። ከእንግዲህ አንድ ስህተት ካገኘችብኝ አለቀልኝ» ብለው ሳቁ። ዳርላም አብራ ሳቀች።

ዋጋው ሦስት መቶ ዶላር ነው። እሷ ያላት ግማሹ ነው። ሻጩን ብትለምነው «ነገ ነይ» አላት። ነገ ማን ያቆይላታል? አይሊ ለምሳ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ዳርላ አንዱን ስፒከር በኮቷ ሸፍና ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ከገና ጌጥ ሳጥኖች ኋላ አስቀምጣ፣ እዚያው ያገኘችውን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችበት። ነጠላ ስፒከር የሚገዛ የለም። ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር፤ በኋላ እጅግ የጸጸታት ይሄ ደስታዋ ነው።

በማግስቱ ስትመጣ ሁለቱም ስፒከሮች መደርደሪያው ላይ ናቸው። አይሊ ወንበራቸው ላይ ኩርምት ብለዋል። ካሪን ዓይኗ ቀልቶ ለሻጩ ታወራለች።

«ትናንት ገዢ መጥቶ አንዱ ጠፋ። ቤቱን ስናተራምስ ከምድር ቤት፣ ከገና ሳጥኖቹ ኋላ አገኘሁት። በራሷ ሰማያዊ ብርድ ልብስ እንደ ሕፃን አስተኝታዋለች! እንዳይሸጥባት ደብቃው አታስታውሰውም። በቃ፣ ለአረጋውያን ቤቱ ደውያለሁ። የሚቆለፈው ፎቅ ነው የምትገባው።»

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ» አሉ አይሊ።

«እሺ እማዬ፣ እሺ።»

የዳርላ ፊት ነደደ። ቀስ ብሎ ወደ መኪና መመለስ ይቻል ነበር፤ አስባዋለችም። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ጨዋታ ነው እያለች ስታባብለው የነበረው ልቧ ግን አሁን እንቢ አላት።

«እኔ ነኝ!» አለች። ለመክፈል የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። «የደበቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በግማሽ ዋጋ ልገዛው ብዬ። እሳቸው እጃቸው የለበትም።»

አይሊ ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ሰማሽ ካሪን? ሰማሽ?»

ካሪን መጥታ የዳርላን እጅ ያዘች። «እሷ ናት እንዲህ በይልኝ ያለችሽ? ማንቆርቆሪያው ሲቃጠልም ጎረቤታችንን ‹እኔ ነኝ የረሳሁት በይልኝ› ብላ ለምናት ነበር። ጎረቤቷም እንዳንቺ አዝናላት እሺ አለች።»

«ኧረ እውነቴን ነው! ከሳጥኖቹ ኋላ፣ በሰማያዊው ብርድ ልብስ...»

«አሁን እኮ ነው ስናገር የሰማሽው የኔ እህት። ተባረኪ። ስፒከሮቹን ውሰጃቸው፤ ገንዘብሽን አልፈልግም።»

«አልወስድም! ሌባ ነኝ እያልኩሽ ነው!»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «አይ ደግነት» ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። ዳርላ ምስክር ፍለጋ ወደ አይሊ ዞረች። አይሊ ልጃቸውን ሲያዩ፣ ዳርላን ሲያዩ ቆዩ። የበራው ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ተይ ልጄ፣ አትድከሚ» አሉ። «ካሪን ካለች እውነቷን ይሆናል። ረስቼው ነው።» ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አዩ። «ግን በዚህ ጉልበቴ እንዴት አድርጌ ወረድኩት?»

«ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለች ዳርላ ደግማ። ካሪን እናቷን ኮት እያለበሰች ነበር፤ ቀና አላለችም።