ለእንግዳ የሚወጣ ስህተት

እናቴ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች ነበሯት። እኛ ልጆቿ በጣሳ እየጠጣን በመስተዋቱ በኩል እናያቸው ነበር። ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥቼ አንኮበር ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደግሞ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ትምህርት እንዳለም አወቅሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ወጣትና ብልህ ሰው ነበር። ከወረዳም ይሁን ከዞን ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር፣ የደረስንበት ምዕራፍ ምንም ይሁን ምን፣ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ «ጀራንድ ኤንድ ኢንፊኒቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ማንበብ እወዳለሁ» ብንልም «ማንበብ እፈልጋለሁ» ብንልም ማንበብ ያው ማንበብ ነው። እንግሊዝኛ ግን አንዱ ግስ ከኋላው «ኢንግ» ያለበትን ይፈልጋል፣ ሌላው «ቱ» ካልቀደመለት ይቀየማል። ለምን ብሎ መጠየቅ የለም፤ መሸምደድ ነው። ማን እጁን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚጠየቅና መቼ እንደሚጨበጨብ ክፍሉ በሙሉ አጥንቶታል። የማያውቀው እንግዳው ብቻ ነበር፤ አንዳንዴ እሱም እያወቀ ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የኔ ድርሻ መሳሳት ነበር።

ሹመቱን ያገኘሁት በሐቄ ነው። ትምህርት ከተጀመረ ሰንብቶ ነው የመጣሁት፤ ገና የአንኮበርን ብርድ ሳልለምድ እንግዳ መጣና መምህሩ ሳያስበው እኔን አስነሳኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ሺ ኢንጆይስ ቱ ሪድ» አልኩ። በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠው ጎበዝ ልጅ ዘሎ ተነሳና «ሪዲንግ!» ብሎ አረመኝ። ተጨበጨበለት። እንግዳው ተማሪ ተማሪን ሲያርም በማየታቸው በጣም ደስ አላቸው፤ መምህሩንም ከሁላችን ፊት አመሰገኑት። ሲሄዱ መምህሩ ወደኔ መጥቶ «ያቺን ስህተት እንዳትተያት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁሉም የሚያውቅበት ክፍል ያጠራጥራል፤ አንድ የማያውቅ ሲገኝበት ግን ትምህርት ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ትክክለኛውን መልስ እንደ ስሜ ባውቀውም፣ እንግዳ ሲመጣ አላውቀውም።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ነገር እስኪመጣ ድረስ። አባቴ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ሴት ልጅ በኪራይ ቤት ብቻዋን ትኑር የሚለው ነገር ከመጀመሪያውም አልተዋጠለትም፤ አንኮበር ያስቀመጠኝ እናቴ ለምናው ነው። በዚያ ሰሞን ከዞን የሚመጡ ሰው ክፍል ገብተው ተሳትፏችንን አይተው ደብረ ብርሃን ላለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሚመርጡ ተነገረን። አባቴ ይህን ሲሰማ ቆረጠ። «ከተቀበሉሽ አልሐምዱሊላህ፣ ኃላፊነቱ የነሱ ነው። ካልተቀበሉሽ ግን ጓዝሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ» አለኝ።

እንግዳው በሚመጡበት ጠዋት መምህሩን በር ላይ ያዝኩት።

«ቲቸር፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ይሳሳትልኝ።»

«ማን አለና? አንቺን የሚያህል የለም እኮ» አለኝ። «ሲያዩሽም የምትሳሳቺ ትመስያለሽ። ጸጋ ነው።»

ጸጋዬን ተሸክሜ ገባሁና ትክክለኛውን ለመመለስ ወሰንኩ።

እንግዳው ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርቱ እንደ ልማዱ ሄደ፤ የሚያውቁት እያወቁ፣ የሚጨበጨብላቸው እየተጨበጨበላቸው ተራዬ ደረሰ። መምህሩ «ሺ ኢንጆይስ...» ብሎ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። ተነሳሁና «ሪዲንግ!» አልኩ። አባቴ ከሱቁ ሆኖ የሚሰማኝ መሰለኝ።

መምህሩ ፊቱን አስቀድሞ ወደ እንግዳው አዙሮ ነበር። «ኖ!» አለ፣ እያዘነልኝ ራሱን ነቀነቀ። «ሁ ካን ሄልፕ ኸር?»

የመስኮቱ ልጅ ተነሳ። አንዴ አየኝ። ተራው ስለነበር ግን «ሪዲንግ» አለ።

«ኤክሰለንት! ክላፕ ፎር ሂም!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ከልምድ ብዛት እኔም አጨበጨብኩ። እጆቼ ከተማቱ በኋላ ነው የሆነው ነገር የገባኝ።

«ቲቸር፣ እኔም እኮ እንደዚያው ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ።

«ስፒክ ኢንግሊሽ!» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ግሶቹ ሁሉ ነበሩ፤ ኢንጆይና አቮይድ በአንድ ወገን፣ ዋንትና ሆፕ በሌላ ወገን ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት» የሚባለው ግን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በተማርኩት ውስጥ የትም አልነበረም። ተቀመጥኩ። ከንዴቴ ብዛት እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። እንግዳው ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፤ ሰው የሚማረው ከስህተቱ ነው» አሉኝ።

የመስኮቱ ልጅ ተመረጠ። እኔ ጓዜን ይዤ ወረድኩ።

«ምን ብለሽ መለስሽ?» አለኝ አባቴ።

«ትክክሉን።»

«እሱስ?»

«እሱም እኔ ያልኩትን።»

አባቴ ጨርቁን አጥፎ መደርደሪያው ላይ አኖረ። «ዕቃው አንድ ከሆነ ሰው ከለመደው ሱቅ ነው የሚገዛ» አለ። በመምህሩ ላይ እንዳልፈርድ አድርጎ ነው የነገረኝ። ውሳኔውን ግን አልለወጠም። ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ጨርቅ ለካሁ፤ ኢንጆይም ሆነ ዋንት የሚል ደንበኛ አልመጣም። በዓመቱ ደብረ ብርሃን የምትኖር አክስቴ «እኔ ዘንድ ሆና ትማር» ብላ ባትለምንልኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው እለካ ነበር።

አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ለእንግዳ የሚወጣ ትምህርት እንደማይኖር ለራሴ ምዬ ነበር። መሐላዬ የቆየው የመጀመሪያው ሱፐርቫይዘር በሩን እስኪያንኳኳ ነው። እጄ ራሱ ሰሌዳው ላይ «ጀራንድ ኤንድ ኢንፊኒቲቭ» ብሎ ጻፈ።

ጻፍኩና ዞርኩ። ሁሉም የሚያውቅበት ክፍል ያጠራጥራል፤ አንድ ሰው መሳሳት አለበት። ጥጉ ላይ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። ቤተሰቧ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከመጣች ጀምሮ ድምጿን አልሰማንም። ሲያዩዋት የምትሳሳት ትመስላለች። ጸጋው አላት። ጣቴ ወደሷ መነሳት ሲጀምር አፈርኩበትና መልሼ ጠመኔውን ያዝኩ። ሰሌዳው ላይ ራሴ «ሺ ኢንጆይስ ቱ ሪድ» ብዬ ጻፍኩና እስኪያርሙኝ ጠበቅሁ።

ክፍሉ ተንሾካሾከ። መምህርን ማረም የለመደ የለም። በመጨረሻ ከጥጉ በኩል ቀጭን ድምፅ «ቲቸር... ሪዲንግ አይደል?» አለ።

«ትክክል ነሽ! አጨብጭቡላት!» አልኩ፣ በአማርኛ።

ሱፐርቫይዘሩ አስተያየታቸውን እያነበቡ አሰሙኝ፤ «መምህርቷ በመሠረታዊ ሰዋስው ላይ ክፍተት ይታይባቸዋል፤ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል።» አምኜ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክፍተቴ ይታያል፤ ሥልጠናውም ይደጋገማል፤ ደግነቱ ምሳው ጥሩ ነው።

የዚያን ዕለት ግን ከክፍል ስወጣ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቷል፣ ለኔ ግን ከልቧ አዝናለች።

«አይዞዎት ቲቸር፤ ሰው የሚማረው ከስህተቱ ነው» አለችኝ። ትከሻዬን መታ መታ ልታደርገኝ ትንሽ ነበር የቀራት።