የናፋቂ ምስክርነት

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የፍልስፍና መምህር ናቸው። በክርክር ጥርሳቸውን የነቀሉ፣ እንኳን ሰውን እግዜርንም «ማስረጃ አምጣ» ከማለት የማይመለሱ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ የሚል ሰው እየፈለጉ መጠየቅ። ሞቶ ነቃ የተባለውም፣ የሟች ድምፅ ሰማሁ ያለውም እዚያች የጎደጎደች ሶፋቸው ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ አይለወጥም፤ «እውነት እንዲሆን ይመኙ ነበር?» አዎ ያለ አለቀለት። የናፋቂ ምስክርነት አይቆጠርም፤ ሕጋቸው ነው።

እኔንም አልማሩኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እናቴ በሕልሜ መጥታ የጠፋብኝ መቀስ የት እንዳለ ነገረችኝ ብዬ በደስታ ብነግራቸው፣ «መቀሱን ያስቀመጥሽው አንቺ፣ ሕልሙን ያየሽው አንቺ፤ እናትሽ በየት በኩል ገቡ?» አሉኝ። በሰው እናት እንዲህ ይጨከናል? አኮረፍኳቸው። ግን በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ሲጠፋ አንጀቴ አልቻለም፤ ኩርፊያውን ተውኩት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ራሳቸው መጡ። ግማሽ ጺማቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ጠራችኝ» አሉ። «አሁን፣ ከወጥ ቤት። ሻዩ ቀዘቀዘ አለችኝ።»

የያዝኩትን ልብስ አስቀመጥኩ።

«እኔ አልቆጠርም፤ ናፋቂ ነኝ። አንቺ ግን እሷን ስትመኚ አልኖርሽም፤ ግድግዳውም ስስ ነው። ሰማሽ?»

ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሰማሁ ብላቸው ምን ይጎድልብኛል? ያችን ባዶ ቤት እንደ ባዶ ሳያዩ ይኖሩ ነበር። ግን ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ወሬ ውሸት ሲለቅሙ የኖሩ ሰው፣ በስተርጅና በእኔ ውሸት ሊጽናኑ? አልሆነልኝም። መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ስለነበር የስፌት ማሽኑ ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

«የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው፤ ‹መጣሁ› ሲሉ። የእሳቸውን አልሰማሁም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረግሽ» አሉ። አረፋው አገጫቸው ላይ ደርቋል። እትዬ በሕይወት ሳሉ ሲጠሯቸው መልሳቸው «ቆይ፣ ይቺን ገጽ ልጨርስ» ነበር፤ ሻዩም የሚቀዘቅዘው ለዚያ ነው። ይህን ከእኔ በላይ እሳቸው ያውቁታል።

ሊሄዱ ዞረው፣ በሩን እንደያዙ ቆሙ።

«ቶሎ ነው የመለስኩላት?»

«ወዲያው ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ወዲያው።»