ጉልበቴን ነው ያመመኝ

ጉድ የሠራኝ ማርቆስ ነው። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ነው የምንሠራው፤ ቤትም አብረን ተከራይተናል። «የታችኛውን ፀጉር ወደ ላይ ገልብጠህ ላጨው፤ ጥርት ይላል» ሲለኝ እኔ ሞኙ ላጨሁት። በሦስተኛው ቀን ብሽሽቴ ላይ እብጠት በእብጠት ሆንኩና እግሬን ከፍቼ መሄድ ጀመርኩ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አይታ «ፀጉሩ ወደ ውስጥ በቅሎ ነው፤ ምንም አይልህም። መላጨቱን ተውና በሞቀ ውሃ ያዘው» አለችኝ።

ማርቆስ አረማመዴን አይቶ ሲጠይቀኝ ግን አፈርኩና «ጉልበቴን ነው ያመመኝ» አልኩት። አዝኖልኝ እሁድ ጸሎት ቤታቸው ወሰደኝ።

ፓስተሩ «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ! ያመማችሁ ቦታ ላይ እጃችሁን ጫኑ!» አሉ።

ጉልበቴን ይዤ «አሜን» እያልኩ በአንድ ዓይኔ ማርቆስን አጮልቄ አየሁት።

ሁለት እጁን ብሽሽቱ ላይ ጭኖ ያለቅሳል።