በሁዳዴ የተፈተነ የጥብስ ምድጃ

ከጣሊያን የቀረች አንዲት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪና ነበረችኝ። ጭነት ትጭንልኛለች ብዬ ገዛኋት፤ ቤት ሆና ቀረች። ቅዳሜ ጎንደር፣ ከዚያ ኮላ ድባ፣ ከዚያ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ እያለ ጨውና ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ ይዞ ለሚዞር ሰው ጎንደር ላይ ቤት መከራየት ለአይጥ ቀለብ መስፈር ነው። ስለዚህ ከጭነቱ አጠገብ አልጋ አጋደምሁ፣ ከላይ ሸራ ወጠርሁ፣ ስፖንዳው ላይ፣ ማለት ከኋላ የሚከፈተው መዝጊያዋ ላይ፣ መሰላል አሰርሁ። ከዚያ ሚስት አገባሁና በመሰላሉ አስገባኋት። ፒያሳ ያሉ ባለሱቆች ሲያዩን "ኤሊው መጣ" ይሉ ነበር። ይበሉ። የእነሱ ሱቅ ገበያተኛ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የእኔ ሄዶ ያመጣዋል።

ሚስቴ ማኪናዋን ከእኔ ይበልጥ ወደደቻት። አባቷ ቤት ሳለች መንገዷ ከጓዳ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ምንጭ ነበር። አሁን ስፖንዳው ላይ እግሯን አንጠልጥላ አቡጀዲ በክንዷ ስትለካ ውላ፣ ማታ ሌላ አገር ታድራለች። "ምነው ክንድሽ አጠረ?" የሚላት ገበያተኛ አይጠፋም።

"እግዜር የሰጠኝ ይኸው ነው። ረጅም ክንድ የፈለገ ከባሌ ይግዛ። የእሱ ዋጋም አብሮ ይረዝማል።"

ችግሩ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ነበሩ። የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ባለመሬት፣ ባለበቅሎ፣ ባለምላስ። ሦስት ጉልቻ ሳይተከል ትዳር አለ የሚል ሰው እሳቸው ዘንድ ገና አልተጠመቀም። ልጃቸው ጉልቻ የላትም ብለው ስላዘኑ ከራሳቸው ጓሮ ሦስት የተመረጡ ድንጋዮች በአህያ ጭነው ደባርቅ ድረስ ላኩልን። ድንጋይ ከሌለበት አገር ያለን ይመስል።

ድንጋዮቹን አልጋው አጠገብ አስቀምጠን ሊማሊሞን ወረድን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ በቃ ሲሉት እንደገና ይጠመዘዛል። በመጀመሪያው ጠምዛዛ አንደኛው ድንጋይ እንስራችንን ሰበረ። በሁለተኛው ሌላው የሳሙናውን ሳጥን ደረመሰ። ሦስተኛው አልጋችን ላይ ወጥቶ ተኛ። ሚስቴ "እዚያው ይተኛ፣ ከአንተ ያነሰ ያንኮራፋል" አለች። ቀጥሎ ባለው ጠምዛዛ ስፖንዳው ተከፈተና ሦስቱም ተከታትለው ገደል ገቡ።

ወሬ ከማኪና ይፈጥናል። ብዙ ሳይቆይ አንድ የመካነ ብርሃን ነጋዴ የአማቴን ቃል ይዞልኝ መጣ፤ አንዲት ቃል እንዳትወድቅበት ዓይኑን ጨፍኖ ነገረኝ።

"እንዲህ በለው አሉኝ፦ 'ጉልቻው ገደል ገባ ሲሉ ሰማሁ። ለፋሲካ ደባርቅ እመጣለሁ። ልጄ ምድጃዋን አንድዳ እንግዳ የምታበላ ባለቤት ከሆነች ትኑር። ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ጨው የተጫነች ከሆነች ግን ይዣት እመለሳለሁ።' ጨርሻለሁ፤ ውኃ አለህ?"

ሚስቴ ይህን ስትሰማ የምትለካው አቡጀዲ ከእጇ ወደቀ። አባቷ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ሰብስበው አንድ ጊዜ "ትዳር አይደለም" ካሉ አለቀ። "እኔ ወደዚያ ወፍጮ አልመለስም" አለችኝ። "ምድጃ ፈልግ።"

ፈለግሁ። መጀመሪያ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ሸጋ የከሰል ምድጃ ገዛሁ። ዳባት ስንደርስ ሁለት ሆነ፣ ደባርቅ ስንደርስ ልቆጥረው አልቻልሁም። ቀጥሎ በላምባ የሚነድ ፕሪሙስ ሞከርሁ። እሱ አልተሰበረም፤ ግን ሽሮው ላምባ ላምባ አለ፣ እንጀራው ላምባ ላምባ አለ፣ በመጨረሻ እኔም ሳገሳ ሚስቴ ክብሪቱን ከአጠገቤ ታነሳ ጀመር።

ከፒያሳ ጀርባ አንድ መካኒክ ነበር። የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ፣ ጣሊያን ሲሄድ መፍቻውንም ስድቡንም ወርሶ የቀረ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው እጁን በጨርቅ ጠረገና ሳቀ።

"አንተ የምትፈልገው የሚሄድ ምድጃ ነው። ግማሽ በርሜል እወስዳለሁ። አራት እግር እበይድለታለሁ። ከላይ ደግሞ ከዚያች ከሞተችው ማኪና አፍንጫ ላይ ፍርግርጉን ነቅዬ አጋድምበታለሁ። ጥብስ በለው፣ ቅቅል በለው፣ ቤኔ፣ ሁሉም ሸጋ!"

"እግሩ ይታጠፋል?"

"እንደ ቄስ ጉልበት።"

"መሬቱ ጭቃ ቢሆንስ?"

"ሁለት መንጠቆ አለው። ስፖንዳው ላይ ታንጠለጥለዋለህ።"

"የደባርቅ ነፋስ ቢመጣበትስ?"

"ነፋስ ሲያገኝማ ይብስበታል! አንድ ጊዜ ከነደደ ማንም አያጠፋውም።"

እኔ ማኪና ለሌለው ገበሬ የማኪና ጡሩምባ የሸጥሁ ሰው ነኝ፤ በሬ ይነዳበታል ብዬ። የሻጭ ቋንቋ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሆኖም ይህን "ማንም አያጠፋውም" የሚለውን እንደ ምርቃት ሰማሁት።

መካኒኩ ለቅበላ አደርስልሃለሁ ብሎ ነበር፤ ቅበላ የሁዳዴ ጾም ከመግባቱ በፊት ሥጋ የምንሰናበትበት ጊዜ ነው። የሰጠኝ ግን ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። ቀጠሮውን የጠበቀ መካኒክ ስላላየሁ አልተቆጣሁም። ምድጃውን ተቀበልሁና ሁዳዴን ሙሉ ፈተንሁት።

በምን? በድንች ነዋ። ሌላ ምን ይበላል? ድንች ጠበስሁበት፣ ባቄላ ቆላሁበት፣ ቃሪያና ሽንኩርት አሳረርሁበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ደግሞ የምድጃ ዳኛ ሊሆን አይገባውም፤ ድንጋይ ቢጠብሱለትም ጨው አንሶታል ብቻ ነው የሚል። በየገበያው ሰው ከበበን። "አቤት ይህ ምድጃ!" አሉ። እኔም "አቤት ይህ ምድጃ!" አልሁ። ሚስቴ ብቻ ድንቹን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

"ምነው?" አልኋት።

"ድንች ነው የጠበስህበት። አባባ ድንች ሊበሉ ከመካነ ብርሃን አይመጡም።"

"ሥጋ ምንድን ነው? ደም ያለው ድንች ነው።"

"እስቲ ሥጋ ይሞከርበት።"

"በሁዳዴ? ማን ይሞክርልሻል?"

ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖረውን እስላም ወዳጄን አሰበች፤ እሱም ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ጾማችን አይመለከተውም። ሄጄ ለመንሁት። ምድጃውን ዞሮ አየው፣ እግሩን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ወደደው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"የእኔ ሥጋ ካረፈበት አንተ በፋሲካ አትበላበትም። የአንተ ካረፈበት በኋላ ደግሞ እኔ አልበላበትም። ወዳጄ፣ ይህ ምድጃ ሳይፈተን ቢያረጅ ይሻላል።"

እውነቱን ነው፤ ሁለታችንም ሃይማኖታችንን አክብረን ተለያየን። ስለዚህ የጥብስ ምድጃችን አንድ ጠብታ ስብ ሳያይ ደባርቅ ደረሰ።

ለአማቴ የሚሆን በግ ስመርጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሰብሁት፤ ስብ። ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ራሱ አዘነለት። በፋሲካ ቀን ረፋድ ላይ አረድሁት፤ ጎድኑንና ላቱን ለጥብስ አዘጋጀሁ። ምድጃውን ስፖንዳው ላይ አንጠለጠልሁ፣ ከሰሉን ሞላሁ። ነፋሱ ከስሜን ተራሮች እየወረደ ነበር፤ ከሰሉ ገና ክብሪት ሲያይ ቀላ።

አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ካደሩበት ከዘመዳቸው ቤት በበቅሎ መጡ። ከኋላ የተጫነ አንድ ገንቦ ጠላ ነበር፤ አማቴ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፣ ለጠብም ቢሆን። ገንቦው ሸራው ሥር ተቀመጠ። እሳቸውን ግን "ይውጡ፣ አባባ" ብንላቸው መሰላሉን በጭራቸው ነካ አድርገው ተመለሱ።

"ምሰሶው የታለ?"

"ምሰሶ የላትም፣ መሪ አላት" አልሁ።

"ምሰሶ የሌለው ቤት አልገባም። እዚሁ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አብሉኝና አያለሁ።"

ሚስቴ ከላይ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች። አማቴ ምድጃውን አዩ። እግሩን አጥፌ ዘረጋሁላቸው። "ሸጋ ነው" አሉ። ልቤ ሞላ። ያን ሁሉ ጎድንና ላት በአንድ ጊዜ ፍርግርጉ ላይ ዘረጋሁት።

ድንች አይንጠባጠብም። ሁዳዴን ሙሉ ያልተገለጠልኝ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ጠብታ ስብ ከሰሉ ላይ ሲያርፍ "ጭስስ" አለ። አማቴ ፈገግ አሉ። ከዚያ ላቱ ቀለጠ። እሳቱ ተነሣ፤ እንደ ምድጃ እሳት አይደለም፣ እንደ ደመራ ነው። ነፋሱ ዞር አደረገውና የሸራውን ጫፍ ላሰው። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ ሰም የጠጣ ነው፤ ደስ ብሎት ተያያዘ።

"ላምባው!" አለች ሚስቴ።

ላምባው ከአልጋው ሥር በጣሳ በጣሳ ተደርድሯል። መንጠቆውን ልነቅል ብይዘው እጄን ጠበሰኝ። ዞር ስል አማቴ ድንጋዩ ላይ የሉም። ምሰሶ የሌለው ቤት የማይገቡት ሰውዬ መሰላሉን በሁለት እርምጃ ወጥተው ሸራው ሥር ገብተዋል፤ "ልጄ! ልጄ!" ይላሉ። እኔ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከከተማው በታች ወንዝ አለ። ጋቢና ገብቼ አስነሣኋትና ነዳሁ።

እዚህ ላይ መካኒኩ ስለ ነፋስ የነገረኝ ትዝ አለኝ። በፈጠንሁ ቁጥር ይብስበታል። ብዘገይ እሳቱ ላምባው ጋ ሊደርስ ነው። ስለዚህ ፈጠንሁ።

ደባርቅ ፋሲካዋን እያከበረች ነው። ሰው ሁሉ በነጭ በነጩ ደጅ ወጥቷል። የሚያየው እንግዲህ ይህን ነው፤ አንዲት ትሬንታ ኳትሮ ጭሷን እያግተለተለች፣ ከኋላዋ የተንጠለጠለ በግ እየተጠበሰ፣ አንድ ሽማግሌ በላይዋ ቆመው ጋቢያቸውን እያራገቡ። ሙሽራ የሚሄድ መሰላቸው። እልልታው ቀለጠ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩን። የከተማው ውሾች በሙሉ አጀቡን፤ ከእነሱ በቀር ነገሩ የገባው አልነበረም።

ወንዙ ዳር ደርሼ ፍሬኗን ስይዝ እሳቱ ጠፍቷል። ሮጬ ወደ ኋላ ሄድሁ። አማቴ ባዶውን ገንቦ አቅፈው ቆመዋል፤ ጠላውን በሙሉ አፍስሰውበታል። ጢማቸው በአንድ ወገን አጥሯል። ጋቢያቸው የከሰል ነጋዴ ጋቢ መስሏል። ሚስቴ ደግሞ የላምባ ጣሳዎቹን ወደ ጋቢናው ገፍታ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ አልብሳቸው፣ በላያቸው ላይ ቁጭ ብላለች። የሽንኩርቱ ቢላዋ አሁንም በእጇ ነው።

አማቴ መጀመሪያ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ይህች ነገር ከዚህም በላይ ትሮጣለች?" አሉ።

"ቁልቁለት ካገኘች" አልሁ።

"ሆሆይ።"

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እኔ ያልሁት አለቀ ነው። ሚስቴም እንደዚያ መሰላት፤ ከጣሳዎቹ ሳትነሣ "አባባ፣ ልወርድ ነው?" አለች።

አማቴ ባዶውን ገንቦ አስቀመጡ። "ልወስድሽ ነበር የመጣሁ" አሉ። "እሳቱ ሲነሣ ዝለዪ አልሁሽ። ሰማሽኝ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ምነው ታዲያ?"

"ዕቃው ሊቃጠል! ቤቴ አይደለም እንዴ?"

"እሱን ነው የምልሽ። ሰው የተጫነበት ነገር ቢቃጠል ይወርዳል። አንቺ ላምባው ላይ ተቀመጥሽ።" ወደ እኔ ዞሩ። "እንዲህ የምትቀመጥን ሴት በምን አፌ ባለቤት አይደለሽም ልበላት? አንተስ ብትሆን፣ አንተ ልጅ፣ ምነው በሬ አርደህ ጥሬውን ባበላኸኝ?"

ሚስቴ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ፤ እያለቀሰች ነበር። ኋላ ሁለቱንም አደረገችው።

ፍርግርጉ ላይ ከውሾቹ የተረፈ ጎድን ነበር። በጠላ ርሶ፣ በነፋስ በስሎ፣ ከላይ ከሰል ከውስጥ ቅቤ ሆኗል። አማቴ አንዱን አንስተው ጋጡ። ሌላ አነሱ። ወንዙ ዳር ስፖንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ሦስታችንም እግራችንን አንጠልጥለን በላን። የምሰሶ ነገር አልተነሣም።

በማግስቱ ሲሄዱ በቅሏቸውን አስጭነው ጠሩኝ።

"ልጄን ትቼልሃለሁ። ይህን ምድጃ ግን አልተውልህም።"

"ምን ያደርግልዎታል፣ አባባ?"

"ዝንጀሮ ገብሴን ጨርሶታል። ማሳው ጫፍ ላይ አንጠለጥለውና ጠዋት ማታ ላት እጠብስበታለሁ።"

ላት በከንቱ አያልቅብዎትም ወይ ልል ነበር፤ ሚስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። በቅሎዋ ተራመደች፤ በየእርምጃዋ የምድጃው እግር ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ጎኗን ይኮረኩራታል፣ እሷም ትፈናጠራለች፤ አማቴም ልጓሙን ይዘው ለበቅሎዋ ስለ እኔ ሲነግሯት ድምፃቸው እስከ ሩቅ ተሰማ።

ጎንደር ስንመለስ መካኒኩ ከጋራዡ ብቅ ብሎ አስቆመን። የሸራውን ጠባሳ ገና አላየም።

"እህሳ! ምድጃው እንዴት ሆነ?"

"አማቴ ወደዱት። ይዘውት ሄዱ።"

"ቤኔ! ሌላ ልሥራልህ? የአሁኑን ከሙሉ በርሜል አደርገዋለሁ።"

ሙሉ በርሜል ሲል፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አሰብሁበት። ሚስቴ ከኋላ "ንዳ!" አለች። ነዳሁ።