በመዳፍ የተረፈው ቅባት

ላዩ ጽጌረዳ፣ ሥሩ ግን የረጠበ ብረት ይሸት ነበር። ዛሬም ትራም ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እጇን ስትቀባ ያ ሽታ የመጣ ከመሰለኝ፣ ሜልበርን፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር በነበረው ቤታችን የኖርነው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ድቅን እንላለን፤ ባለቤቴ ሮማን፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን ብሌን፣ ልትዳር ከአዲስ አበባ የመጣችው የሮማን ታናሽ እህት ትርሲት፣ እኔም የቤቱ ተቆጪ።

እኔ ባደግሁበት ቤት ቅባት አይባክንም ነበር። እናቴ ጠዋት ፊቷን ቫዝሊን ተቀብታ ስታበቃ፣ በመዳፏ የተረፈውን አጠገቧ ባገኘችው ልጅ ጉንጭ ላይ ጠርጋ ትሰደን ነበር። ቁጣዋ የበዛ ሴት ስለነበረች በሌላ ጊዜ እንዲያ አትዳብሰንም፤ ስለዚህ ከወንድሞቼ ጋር እየተጋፋን እንቀርባት ነበር። ልማዱን ሜልበርንም ይዘነው መጣን።

ትርሲት የመጣችው ዛፎቹ ቅጠል በሚያረግፉበት ወራት ነበር። ሜልበርን ካለው እጮኛዋ ጋር የሚደረገው ሠርግ ሙቀት እስኪገባ ስለሚቆይ ከብሌን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይተኙ፣ አንድ መስተዋት ፊት ቆመው ይኳኳሉ፣ ሳቃቸው ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ብሌን ተለወጠች። መዳፎቿና የእግሯ ጣቶች ቀልተው ይላጡ፣ በዚያ ብርድ ያልባት፣ ብርሃን ጠልታ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጣ ታለቅስ ጀመር። ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለክቶ እንደገና ሲለካ፣ የሮማን እጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ምንጣፉን ጠረጠርሁ፣ የግድግዳውን ቀለም ጠረጠርሁ፣ ላቨርተን ኖርዝ ከምሠራበት መጋዘን የማመጣውን አቧራ ፈርቼ የሥራ ልብሴን በር ላይ እያወለቅሁ እገባ ነበር። በመጨረሻ የምርመራው ውጤት መጣ፤ ሰውነቷ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኘ። ሐኪሙም ቤት ውስጥ የምንቀባውንና የምንታጠብበትን ሁሉ እንድናመጣ አዘዘን።

ሳሙናውን፣ ሻምፑውን፣ የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር በፌስታል ሰበሰብሁ።

«በምን ልንታጠብ ነው ታዲያ?» አለች ሮማን። «ደሞ ያንተን ሽቶ ረሳኸው፣ ከሁሉ የሚገድለው እሱ ነው።»

«ሌላ የቀረ አለ?» አልሁ።

«የለም ጋሼ፣» አለች ትርሲት።

ከዚያ ሁሉ ዕቃ ምንም አልተገኘም፣ ልጄም አልዳነችም።

ጸደይ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት እጇን ልቀባት ስል ብሌን ጉንጯን አቀረበችልኝ።

«ፊትሽን አይደለም፣ እጅሽን።»

«ግን ዳድ፣ አክስቴ ተቀብታ ስትጨርስ ፊቴን ነው የምትቀባኝ። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን።»

ፍሪጁን ከፈትሁ። ከቅቤ ዕቃዎቻችን ጀርባ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ዕቃ ነበር፤ ክዳኑን ሳነሳ ጽጌረዳና ብረት ሸተተኝ።

ትርሲትን ጠርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁላት።

«ምን እንዳለበት ስላልተጻፈበት እርስዎ ካዩት ይጥሉታል ብዬ ቅቤ ዕቃ ውስጥ ገለበጥሁት፣» አለች። «እጮኛዬ የወደደው ፎቶዬን አይቶ ነው። ፎቶው ላይ ቀይ ነኝ። ይሄን ከተውሁ ፊቴ ሊመለስ ነው፣ ጋሼ።»

«ልጄን ለፎቶ?» ብላ ጮኸች ሮማን።

«መርዝ መሆኑን ባውቅ የራሴን ፊት እቀባው ነበር? ከፊቴ የተረፈኝን ነው የቀባኋት! እማዬ እኔንና አንቺን እንደምትቀባን!»

ዕቃውን ለሐኪሙ ወሰድሁለት፣ መርዙም ከዚያው መሆኑ ታወቀ። ትርሲትም ተመርምራ እሷም ውስጥ ተገኘ። ሠርጉ ተላለፈ። ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው፤ እሱም መጥቶ ያለ ቅባቱ እንዳለች አያት፣ ትቷትም አልሄደም።

ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ይስማኝ፤ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ነገር ቆዳ ላይ አታድርጉ። ይህን ያኔም እል ነበር፣ ዛሬም እላለሁ።

ብሌን ከትምህርት ቤት ርቃ፣ መድኃኒት እየዋጠች ብዙ ወራት አሳልፋ ዳነች። ትርሲት አግብታ እዚያው ሜልበርን፣ ሜድስቶን ሰፈር ትኖራለች፤ እህትማማቾቹም ታርቀዋል። ስትጠይቀን መጥታ ካደረች ጠዋት መስተዋቱ ፊት ቆማ፣ ፋርማሲ የገዛችውን ተራ ቅባት ትቀባለች። ድሮ እናቴ ተቀብታ ዞር ስትል እኛ ጉንጫችንን ደርድረን እንጠብቃት ነበር። ትርሲትም ዞር ትላለች፤ አሁን ያደገችው ብሌን ግን ስልኳ ላይ አቀርቅራ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። አክስቷ የተከፈተ መዳፏን ለአፍታ አየር ላይ ይዛ ትቆይና ሶፍት ትስባለች። ሁላችንንም በመጨረሻ ያስከፈለን ይኼ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከእንግዲህ ማንም የማንንም ጉንጭ አይቀባም።