የካርቶኗ ማራገቢያ

መብራት ሲጠፋ የቤቴ ቬንትሌተር እያቃሰተ ይቆማል። እኔም የጫማ ካርቶን ክዳን አንስቼ ፊቴን አራግባለሁ። ዛሬም እንዲሁ ሳደርግ የሞቀው ካርቶን ሽታ ሸዋ ሮቢት መለሰኝ።

የልጅነት ጓደኛዬ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። ሚኒስትሪ ስትወድቅ አባቷ አጣዬ ከተማ ወዳለው የአክስቷ ሱቅ ሊልኳት ወሰኑ። አልሄድም ብላ አለቀሰች።

«ሬዲዮው ቀን ከሌት ሥራ ፍጠሩ ይላል፤ በይ ፍጠሪያ!» አሏት። «የሚሸጥ ነገር ሠርተሽ አሳዪኝና እናያለን።»

እኔስ ብትሉ፣ እሷ ከሄደች ከማን ጋር ልስቅ ነበር?

በማግስቱ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ተጎልተን ሰው ስናይ ዋልን። ከጣርማ በር ብርድ የወረዱት መንገደኞች ሹራባቸውን እንደለበሱ በላብ ይታጠባሉ። አንዷ ሴትዮ በትኬቷ ታራግብ ነበር። ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አየሽ? በትኬት!»

ያኔውኑ የሳሙና ካርቶን በክብ ቆርጠን፣ በዱቄት ሙጫ ከማሽላ አገዳ ጋር አጣበቅነው። ስንሞክረው አንዳችን ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ ሌላዋ ታራግባለች። ነፋሱ ፊታችንን ሲነካ «ደረሰኝ!» እንላለን። አንድ እርምጃ ራቅ ብለንም ደረሰ።

የመጀመሪያው ገዢ ወፍራም ነጋዴ ነበር። በመስኮት ተቀብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያራግብ ካርቶኑ ከአገዳው ተላቆ የሾፌሩ ማጅራት ላይ አረፈ። አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ። እኔ በእፍረት መግቢያ አጣሁ። እሷ ግን ካርቶኑን ተቀብላ ትመረምረው ጀመር።

«በየት በኩል ነው የለቀቀው? ቆይ፣ የሰፊ ልጅ ሆኜ ለምን አልሰፋውም?»

ከአባቷ ሱቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅማ አለበሰችው፤ በጆንያ መስፊያ መርፌም ከአገዳው ጋር ሰፋችው። በማግስቱ እንዲሁ ብዙ ሰፍተን ስንወጣ መንገደኞቹ ከእጃችን እየተናጠቁ ገዙን። አንዷን አስቀርተን ለአባቷ ወሰድንላቸው። የስፌት መኪናቸውን አቁመው አንገታቸውን አራገቡ።

«ማሻአላህ!» አሉ። እኔ በቃ ቀረች ብዬ በደስታ ዘለልኩ። እሳቸው ማራገቢያዋን መለሱላት። «እንግዲህ የትም ብትሄጂ አትቸገሪም። አጣዬም ይሞቃል።»

የሄደች ቀን በአውቶቡሱ መስኮት እጇን አውጥታ ያችኑ ማራገቢያ ወደ እኔ ታራግብ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ ተነሳ።

«ደረሰሽ?» አለችኝ።

«ደረሰኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

የደረሰኝ የናፍጣው ጭስ ነበር።